«ጣሊያን አገር ደግሞ ምን አለኝ?» ላሉ አባት፣ ሰልፍ የሌለባት ሮም

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባዬ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ይመጣል። 74 ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። በጥቅምት፣ ከማክሰኞ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሮም ልወስደው ትኬት ቆርጫለሁ። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ከሮም የማስታውሰው ሰልፍ፣ ፀሐይና የሰው ጀርባ ብቻ ነው። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል፤ ያንን አይችለውም። ሁለተኛ፣ አያቴ አርበኛ ነበር። ስለ ጉዞው ስነግረው ‹ጣሊያን አገር ደግሞ ምን አለኝ?› አለና ዝም አለ። እህቴ ትኬቱን ቀይሪና ፓሪስ ውሰጂው ትለኛለች። ሰው የማይጋፋበት፣ አባዬም ‹ለምን አመጣሽኝ› የማይልበት ሮም አለ ወይ? እሮብና ዓርብ ይጾማል። ሆቴላችን ተርሚኒ አካባቢ ነው።
ልጁ፣ ከፍራንክፈርት»

መልስ፦

እህቴ፣ ትኬቱን አትቀይሪ።

አባትሽ አልሄድም አላሉም። «ምን አለኝ?» ነው ያሉት። ይሄ ጥያቄ ነው፣ መልስ ይፈልጋል። መልሱ ደግሞ ሮም ውስጥ በየጥጋጥጉ ተቀምጧል። አብዛኛው ሰልፍ የለውም፤ ግማሹ ትኬትም የለውም። እኔ ሮም አራት ዓመት ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እንዳንቺ የሰው ጀርባ እያየሁ ነው የጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ነው ከተማዋን ያገኘኋት።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። የኛን ታሪክ ከሚያስታውስ ነገር አባትሽን ለመሸሸግ አትሞክሪ። «ቅር ይላቸዋል» ብለሽ በፏፏቴና በአይስክሬም ልታሳልፊያቸው ከሞከርሽ ይገባቸዋል። አዛውንት አይታለልም። ይልቅ ፊት ለፊት ውሰጃቸው። አጠገባቸው ቁሚና እሳቸው ያውሩ።

መጀመሪያ ስለ እግር። የሮም መሃል ከተማ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ የአዲስ አበባው ዓይነት ሆኖ ግን የተወለወለና ያረጀ። ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። አዲስ ጫማ እንዳታስደርጊያቸው፤ የለመዱትን ይዘው ይምጡ። በቀን አንድ ሰፈር ብቻ ያዢ። ሁለት ቦታ አይታችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ውሃ አትግዢ። በየመንገዱ «ናዞኒ» የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ፤ 2,500 ያህል ናቸው፣ ውሃው ይጠጣል፣ ቀዝቃዛ ነው። ስማቸው «ትልልቅ አፍንጫ» ማለት ነው፣ በቧንቧው ቅርጽ ምክንያት። የአፍንጫውን ጫፍ በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደ አፍሽ ይፈናጠራል። አባትሽ ማጎንበስ አያስፈልጋቸውም። አንዴ አሳያቸው፣ ከዚያ በኋላ ለሚያገኙት ቱሪስት ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያስተምሩት።

ቡና ቁማችሁ ጠጡ። እዚያ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ መጠጣትና ወንበር ስቦ መቀመጥ ዋጋቸው የተለያየ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንቴ አንድ ዝነኛ አደባባይ አጠገብ ስሙን የማልጠራው ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና ለአንድ ማኪያቶ የምሳ ሒሳብ ከፈልኩ። ማኪያቶ ካልኩ አይቀር፣ አባትሽን አስጠንቅቂያቸው። የሮም ማኪያቶ የአዲስ አበባው አይደለም። በሲኒ ቂጥ የምትመጣ፣ ወተት የነካካት ጥቁር ቡና ናት። «ሌላውስ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም።

ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ ስትገቡ ሻንጣችሁን አስቀምጡና ወደ ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ውጡ። አውቶቡሶች የሚርመሰመሱበት ያ ትልቅ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኬቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ያልፍበታል፣ ብዙው አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ አይጠይቅም። አባትሽን ጠይቂያቸው። በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከአደባባዩ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ቪያ ዴሌ ቴርሜ ዲ ዲዮክሌዚያኖ በሚባለው መንገድ ላይ ዛፍ መሃል ቆሟል። የወታደሮቹ ስም ሥሩ ተጽፏል። ከላዩ ያለው ሐውልት የጣሊያን እንኳ አይደለም፤ የግብጹ ንጉሥ የራምሴስ 2ኛ ነው፣ የጥንት ሮማውያን ያመጡት። በ1924 ነው ከጣቢያው ፊት ተነስቶ እዚህ የተተከለው።

አሁን ለገሃር ያለውን የይሁዳ አንበሳ አባትሽ ሺህ ጊዜ አልፈውበታል። ፋሺስቶች ዘርፈው ያመጡት እዚህ ነበር፤ ከዚህ ሐውልት ሥር አስቀምጠውት ነበር። በ1960ዎቹ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። በ1938 ዘርዓይ ደረስ ሰይፍ የመዘዘው እዚሁ አካባቢ ነው። እንዴት እንደሆነ ትረካው ብዙ ዓይነት ነው፣ አባትሽም የራሳቸው ይኖራቸዋል። ዘርዓይ አገሩን ሳያይ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። ቦታው ላይ ስለ እሱ ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቂ። አግዳሚ ወንበር፣ ቅጠል፣ የሚያንቀላፋ ሰው። ምሽት ላይ ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ፤ ጣቢያ አካባቢ ነው።

ከዚያ ሂዱና ተኙ።

እሮብ ጾም ነው። ጠዋት ሳን ክሌሜንቴ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ግን የኮሎሲየም ሰልፍ እዚያ አይደርስም። ከመንገድ የምትገቡበት ቤተ ክርስቲያን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከመሠዊያው በላይ በወርቅማ ጠጠር የተሠራ ትልቅ መስቀል አለ፤ መስቀሉ ላይ 12 ነጫጭ ርግቦች፣ ከሥሩ ውሃ የሚጠጡ ዋሊያ የሚመስሉ አጋዘኖች። አባትሽ እዚያ ፊት ቁጭ ብለው ቢቀሩ አትቸኩያቸው። ትኬት ተከፍሎ ደረጃ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመን። ከሱ ሥር ደግሞ የጥንት ሮማውያን ቤትና ጠባብ መንገድ፣ ሚትራ የሚባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ ክፍልም ጭምር። እዚያ ታች ቆመሽ ዝም ስትዪ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ታች ሦስት ፎቅ ነው። የሚገርመው ሁለተኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ካለ የቅዱሳን ሥዕል ጋር ተራ ስድብ ተጽፏል፤ አንዱ ጌታ አገልጋዮቹን «ጎትቱ እናንተ የ...» ይላቸዋል። የሰፈር ጣሊያንኛ በጽሑፍ ከታየባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ነው። ለአባትሽ መተርጎሙን ላንቺ ትቻለሁ። ደረጃው ለጉልበት አይመችም፤ ካልፈለጉ እሳቸው ርግቦቹን እያዩ ይጠብቁሽ።

ምሳ። የጾም ምግብ ሮም ውስጥ አያስቸግርም፣ ማወቅ ብቻ ነው። ፒዛ ቤት ገብተሽ «ማሪናራ» በይ። ስሙ የባሕር ቢመስልም ዓሣ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ። ፎርማጆም የለውም። ከጎኑ «ቺኮሪያ» እዘዢ። መረር የሚል ቅጠል ነው፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ ተጠብሶ ይመጣል። ጎመን ለለመደ ሰው ቤቱ ነው። ሌላ ነገር ካማራችሁ «ሴንሳ ፎርማጆ» ብቻ በይ፤ አባትሽ ይህን ሐረግ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

ከሰዓት፣ ድካም ከሌለ፣ በሜትሮ «ኤ» መስመር ጁሊዮ አግሪኮላ ወርዳችሁ የውሃ መስመሮቹ ፓርክ ሂዱ። ፓርኮ ዴሊ አክዌዶቲ ይባላል። ሜዳ ነው፣ ጸጥታ ነው፣ ከሜዳው መሃል በ52 ዓ.ም. ያለቀው የክላውዲዮስ የውሃ መስመር በተደረደሩ ቅስቶች ላይ ይሄዳል። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም መስመር ውሃ ያለ ፓምፕ፣ በተዳፋቱ ብቻ ወደ ከተማ ይፈስ ነበር። መካኒክ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል መገመት አያቅትሽም። የሰፈሩ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቱሪስት ቢኖር ጥቂት ነው። ይኸው ነው፤ ሣሩ ላይ ጋቢ አንጥፉ።

ሐሙስ የእኔ ምርጥ ቀን ነው፣ የአባትሽም ይሆናል ብዬ እወራረዳለሁ።

ቪያ ኦስቲየንሴ ላይ ሴንትራሌ ሞንቴማርቲኒ የሚባል ቦታ አለ። ከ1912 እስከ 1963 ለሮም መብራት ሲያመነጭ የኖረ ጣቢያ ነው። ቆሞ ቀረ። በ1997 የከተማዋ ትልቅ ሙዚየም ሲታደስ ሐውልቶቹን ለጊዜው የሚያስቀምጡበት አጡና እዚህ ሞተሮቹ መሃል ደረደሯቸው። በጣም ስላማረ እዚያው ቀሩ። እስቲ አስቢው። አዳራሹ እንደ ካቴድራል ሰፊ ነው። በአንድ በኩል ጥቁር የናፍጣ ሞተር፣ 7,500 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን፣ መሰላልና የብረት መወጣጫ ያለው። ከፊቱ አፍንጫዋ የተሰበረ ነጭ የእብነ በረድ ሴት አምላክ። የሷ የልብስ እጥፋትና የሞተሩ ቧንቧዎች መሳ ለመሳ ናቸው። ሌሎች ጎብኚዎች ሐውልቶቹን ያያሉ። አባትሽ ጀርባቸውን ለቬነስ ሰጥተው ቫልቩን ነው የሚመረምሩት። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጎብኚው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አንድ የሙዚየሙ ጠባቂ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጋዜጣ ያነባል። አንቺ ስትሄጂ እንደዚያ ዓይነት ሰው ካለ አባትሽን አስተዋውቂያቸው።

ቋንቋ እንዳያሳስብሽ። አባትሽ ጣሊያንኛ ይችላሉ፣ መቻላቸውን አያውቁም እንጂ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ። ጋራዥ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሲጠሯቸው የኖሩት ስሞች ናቸው። ሞተሩ ሥር ቆመው አንዷን ቃል ቢወረውሩ ሽማግሌው ጋዜጣውን ያጥፋል። በዚያ ሰዓት ጣሊያንና ኢትዮጵያ የሚነጋገሩት በመለዋወጫ ስም ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቪዲዮ ቅረጪ። በአጋጣሚ ደግሞ የጳጳሱ የፒዮስ 9ኛ የባቡር ፉርጎዎችም እዚያው ሕንፃ ውስጥ አሉ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያጌጡ። ሙዚየሙ ዝግ የሚሆነው ሰኞ ስለሆነ ሐሙስ ይመቻችኋል።

ሐሙስን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ጾም አይደለም፣ ምሳ ደግሞ ቴስታቾ ገበያ ነው። ከሙዚየሙ ወደ ፒራሚዴ ሜትሮ ጣቢያ በአውቶቡስ ተመለሱና ወደ ሰፈሩ ግቡ። ገበያው ከሰዓት በጊዜ ስለሚዘጋ አትዘግዩ። ሰፈሩ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1975 የሠራ ትልቅ የከብት ቄራ ነበር። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ጋር የሚሰጣቸው ሥጋ ማንም የማይፈልገው ነበር፤ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጭራ፣ ምላስ። ሮማውያን «አምስተኛው እጅ» ይሉታል፤ ከብቱ ለአራት ተከፍሎ ለጌቶች ሲሄድ የሚቀረው። ከዚያ ትርፍራፊ ነው ዛሬ ሰው ተሰልፎ የሚበላው የሮማ ምግብ የወጣው። «ትሪፓ» እዘዢላቸው። ጨጓራ ነው፣ በቲማቲም ድልህ ቀስ ብሎ የበሰለ፣ ከላይ የበግ ፎርማጆና ናና ጣል የተደረገበት። ዱለት የሚወድ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቅመም አነሰው ይሉሻል። ልክ ናቸው። ሚጥሚጣ በብልቃጥ ይዘሽ ሂጂ።

ከገበያው ማዶ ያለው ኮረብታ ኮረብታ አይደለም። ሞንቴ ቴስታቾ ይባላል። ከፍታው 35 ሜትር ያህል ነው፣ ሁለመናው የተሰበረ ገንቦ ነው። የጥንት ሮማውያን ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ የወይራ ዘይት በገንቦ ያስመጡ ነበር። ዘይት የጠጣ ገንቦ ሁለተኛ አያገለግልም፣ ይሸታል። ሰበሩትና እዚህ ከመሩት። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሲከምሩ ኖሩ። ተራራው ሥር ቦርቡረው የገቡ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የአንዳንዶቹ የኋላ ግድግዳ በመስታወት ስለሆነ ስባሪው ተነባብሮ ይታያል። ቆሻሻ መጣያ ታሪክ ሲሆን እንዲህ ነው። የኛ ቆሼ በሁለት ሺህ ዓመቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ነበር ያለፍኩት።

ከምሳ በኋላ፣ ሳይመሽ፣ ፒራሚድ ወዳለበት ተመለሱ። አዎ፣ ሮም ውስጥ ፒራሚድ አለ። ሴስቲየስ የሚባል ባለሥልጣን ከክርስቶስ ልደት በፊት መቃብሩን በግብጽ ፋሽን አሠራ፤ 36 ሜትር ከፍታ፣ በ330 ቀን እንዳለቀ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከጀርባው ካቶሊክ ያልሆኑ ሰዎች የሚቀበሩበት መካነ መቃብር አለ። ጽድ፣ ድመት፣ ጸጥታ። መቃብር ለሽርሽር ይወሰዳል እንዴ ትይኝ ይሆናል። ይወሰዳል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኪትስ በ1821 በ25 ዓመቱ ሞቶ እዚያ ተቀብሯል። ድንጋዩ ላይ ስሙ የለም፤ «ስሙ በውሃ ላይ የተጻፈ ሰው እዚህ አርፏል» ነው የሚለው። ቅኔ የሚወድ ኢትዮጵያዊ እዚህ መስመር ላይ ይቆማል። ከዚያ ወደ ግራምሺ መቃብር ውሰጃቸው። አንቶኒዮ ግራምሺን ሙሶሎኒ በ1926 አሰረው፣ ጤናው ደቆ በ1937 ሞተ። «አባዬ፣ ይሄ አያቴ የተዋጋው ሰውዬ ያሰረው ጣሊያናዊ ነው» በያቸው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ትርፍ ሰዓት ካላችሁ ብቻ፦ ኮፔዴ የሚባል ሰፈር አለ፣ በ1910ዎቹና 20ዎቹ አንድ አርክቴክት እንዳሻው የሠራው። ሸረሪት፣ ግንብ፣ የእንቁራሪት ፏፏቴ። ልጅ ይወደዋል። አባትሽ አሥር ደቂቃ አይተው «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚሉ ይመስለኛል። ከሱ አለፍ ብሎ የአፍሪካ ሰፈር ነው፤ ቪያሌ ኤትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሊቢያ የሚሉ ጎዳናዎች ያሉት፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ምኞት የተሰየመ። የታርጋውን ፎቶ ለማንሳት ካልሆነ ተራ መኖሪያ ሰፈር ነው። ስለ ስም ካነሳን ግን አንድ ቀልድ መሳይ ነገር ልንገርሽ። ጣሊያኖች ትርምስምሱ የወጣ ነገር ሲያዩ «አምባራዳን» ይላሉ። የኛው አምባ አራዳም ነው፤ በ1936 የተዋጉበት ተራራ። ያን ጊዜ ከላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ እንደነበር ብዙዎቹ ቃሉን ሲሉት አያስቡትም። ለአባትሽ ይህን መንገርሽን እንጃ። እኔ ብሆን እነግራቸው ነበር።

ቫቲካን መሄድ አለብን ካልሽ ደግሞ ይህን ያዢ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ከቫቲካን አጥር ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአቢሲኒያ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1479 ለኛ መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ እዚያ ሆነው በ1548 እና 49 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም፤ የቫቲካን የአትክልት ስፍራ ጉብኝት አስቀድሞ ካልተያዘ አይታይም። ለጉልበታቸው ስል አልመክርሽም። ታሪኩን ግን በቡና ሰዓት ንገሪያቸው። ከዓድዋ በፊት፣ ከዶጋሊም በፊት፣ ሮም ላይ ቤት ነበረን።

አሁን ዓርብ። ይህን ቀን እንዳታበላሺው። ጠዋት ተኙ። ምሳ ሌላ ማሪናራ። ከሰዓት ወደ 10 ሰዓት ገደማ ታክሲ ይዛችሁ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጡ። ወደ ላይ በታክሲ፣ ወደ ታች በእግር፤ የጉልበት ሕግ ነው። ታክሲው ፒያሳ ዴይ ካቫሊዬሪ ዲ ማልታ ያውርዳችሁ። አንድ የተዘጋ አረንጓዴ በር አለ። የማልታ ፈረሰኞች ግቢ ነው። በቁልፉ ቀዳዳ በአንድ ዓይን ስትመለከቺ፣ በሁለት ረድፍ አጥር መሃል፣ ከሩቅ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ይታያል። ዘንድሮ ስልክ ይዞ የሚመጣው ስለበዛ አጭር ሰልፍ አይጠፋም። አሥር ደቂቃ ነው፣ ተቀበሉት።

ከዚያ በዚያው መንገድ ትንሽ ሄዳችሁ ወደ ሳንታ ሳቢና። የ5ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ባዶና ብርሃን የሞላበት። የሚታየው የውስጡ ብቻ አይደለም፣ በሩ ነው። ከ430 ዓ.ም. አካባቢ የተቀረጸ የእንጨት በር። ከላይ በግራ ጥግ፣ ክርስቶስ ከሁለቱ ወንበዴዎች ጋር ተሰቅሎ የሚታይበት ትንሽ ቅርጽ አለ፤ በዓለም ላይ ከተረፉት የስቅለት ምስሎች እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ከፍ ስለሚል በስልክሽ አጉልተሽ አሳያቸው። አጠገቡ ያለው የብርቱካን አትክልት ስፍራ ውስጥ አግዳሚ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማዋ ሁሉ ከሥራችሁ ነው። እዚያ ቁጭ በሉ።

ሲመሽ በክሊቮ ዴይ ፑብሊቺ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። የሠረገላ መሮጫ የነበረውን ሜዳ፣ ቺርኮ ማሲሞን፣ በስተግራ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ቀጥ ያለ ነጭ ትልቅ ሕንፃ ታያላችሁ፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ሲሠራ ግን ለሙሶሎኒ የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። 24 ሜትሩ ሐውልት። በ1947 እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የተመለሰው በ2005 ነው፣ በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን። በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን በቦታው አቅራቢያ የመስከረም 11 ሟቾችን የሚያስታውሱ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ የኛን የሚያስታውስ ግን ባዶው ሰማይ ነው። አባትሽ ትንሽ ዝም ይሉ ይሆናል። አብረሽ ዝም በይ።

ከዚያ እጃቸውን ያዢና ከዚህ ነጥብ ተነሱ። መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ አበበ ቢቂላ እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የሄደው። ከሐውልቱ ፊት፣ በባዶ እግሩ። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አባትሽ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሆናቸው ነው፤ የት እንደነበሩና ማን እንደነገራቸው ጠይቂያቸው። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ያለና ዛፍ ያለበት መንገድ ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ለ50ኛው ዓመት የተለጠፈ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ። በመኪና የሚያልፍ ሰው አያየውም፤ በእግር የሚሄድም ካልፈለገው ያልፈዋል። ፈልጉት።

መንገዱ መጨረሻ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፣ ከጎኑ ኮሎሲየም በመብራት። ሩጫው ያለቀው እዚህ ቅስት ሥር ነው፣ በጨለማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሁለተኛው በ25 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። ያኔ በነሐሴ ያየሽውን የቱሪስት ሰልፍ ማታ አታገኚውም። ሜትሮው ከፊታችሁ ስለሆነ ለመመለስ አትቸገሩም።

አባትሽ እዚያ ጋ ጫማዬን ላውልቅ ካሉ አትከልክያቸው። የስልክሽን መብራት ብቻ መሬቱ ላይ አብሪላቸው፤ የጠርሙስ ስባሪ አይጠፋም።